ውሃ የፈራው ጨው፦ ለወንድሜ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የምርምር ርእስሽን ስትነግሪኝ ፊትሽ ያበራ ነበር። ፀሐይን ቀን አጠራቅሞ ለሌሊት ስለሚያቆይ ባትሪ አወራሽ፤ ጭስ ስለማይታይበት ማድቤት አወራሽ፤ ስለምትወጃቸው ሳይንቲስቶች አወራሽ። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ አንድ ቁጥር አሳየሽኝ። «በምን ተለካ?» ብዬ ብጠይቅሽ «የሆነ ቦታ ጽፌዋለሁ» አልሽኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ያ «የሆነ ቦታ» ነው። ልብሽ ለሥራው መዘጋጀቱን አውቃለሁ፤ እጅሽ ግን ገና አልተሰበሰበም። ዕድሜዬን በምድጃና በፀሐይ መሣሪያ ሙከራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ያየሁትን ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ቁጥር እየሰጠሁ ጽፌልሻለሁ፤ በአንድ አፍታ አትጨርሺው።

1. የዕለቱን በዕለቱ ጻፊ፤ በደብተር፣ በእስክሪብቶ፣ ቀንና ሰዓት አድርገሽ። ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል፤ ስልክ ይሰበራል፤ ትዝታ ደግሞ ደስ የሚለውን ብቻ ነው የሚያስቀረው። አንድ ዓመት ሁለት ምድጃዎችን ስናወዳድር አንዱን ግንቦት ላይ፣ ሌላውን ሐምሌ ላይ ሞከርን። የሐምሌው ማገዶ በላብን፤ «አይረባም» ተብሎ ወደ ጥግ ተገፋ። ቆይቶ ነገሩ ሲጣራ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ነበር። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን መጀመሪያ የሚያጠፋው የራሱን ውሃ ሲያተን ነው፤ ለምጣዱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። የእንጨቱን እርጥበት መዝግብ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ «ነገ እጽፈዋለሁ» ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ። የሁለት ወር ልፋት ከንቱ ሆነ፤ ምድጃውን የሠራው ባልደረባዬም ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ከረመ። ክፉ ቁጥር ቢመጣም ጻፊው። በተለይ ክፉውን።

2. መሣሪያውን ከሚጠቀምበት ሰው አጠገብ ቁጭ ብለሽ ተማሪ። ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ውሃ በማፍላት ነው፤ ይህን ያህል እንጨት ይህን ያህል ሊትር አፈላ ይባላል። በእኛ ቤት ግን ከማገዶው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ ነው፤ እንጀራ ደግሞ እንደ ውሃ አይፈላም። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ ሙቀት ቶሎ አይገባውም፤ ከገባውም በኋላ ዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። አብራን የምትሠራ አንዲት ጋጋሪ ነበረች። ምጣዱን በጎመንዘር ስታስስ ጭሱ ከየት በኩል እንደሚነሣ ታያለች፤ «በግራ በኩል ጠርዙ ገና ነው» ትልና አንዲት ጭራሮ ወደዚያ ትገፋለች። የሙቀት መለኪያችንን አምጥተን ስናሳርፍበት እሷ ያለችውን ይነግረናል፤ ያውም ከእሷ ዘግይቶ። ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ቀየርን። እንጨቱን ከመለኮሱ በፊት መዘንን፤ የተረፈውን ከሰል መዘንን፤ ሊጡንና እንጀራውን መዘንን፤ የትኛው እንጀራ እንደሚቆጠር የምትፈርደው ግን እሷ ሆነች። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ከሂሳብ አይገባም። ምርጥ የሚባለውን ምድጃ አይተሽዋል፤ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀርጾ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ የሚይዘው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ረቂቅ ብልሃት የለበትም፤ ከመነሻው ለምጣድ ተብሎ መሠራቱ ነው ያዋጣው።

3. የሠራሽው ነገር እንከን ሲያወጣ ፊትሽን አታዙሪበት። ከምክሬ ሁሉ ይህኛውን ያዢልኝ።

ሶስና ኃይሌን ስትጠሪ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ዝናዋን እንጂ ሥራዋን ያነበብሽ አልመሰለኝም። አዲስ አበባ ተወልዳ በአብዮቱ ዘመን በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ናት። አባቷ የግዕዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በጥይት ተመተው እግራቸው ከተያዘ በኋላ ሚኒሶታ ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንድ በአንድ እየመረመሩ ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት። ልጃቸው የመረጠችው የቁሶችን ሳይንስ ነው።

የደከመችበት ነገር ፊውል ሴል ይባላል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን ያለ ነበልባል አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ከጭስ ፋንታ የሚተርፈው ውሃ ነው። በሁለቱ ጋዞች መካከል ፕሮቶን የሚያሳልፍ፣ ጋዞቹን ግን የማያቀላቅል ግድግዳ አለ፤ ጭንቁ ሁሉ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ፕላስቲክ መሰሉ ግድግዳ ካልረጠበ አይሠራም፤ ስለዚህ ከ100 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። ሴራሚኩ ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ካልጋለ አይነቃም። ሶስና መካከለኛውን ፈለገች። እ.ኤ.አ. በ2001 ካልቴክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የሚባለውን፣ ሲያዩት ጨው የሚመስለውን ቁስ ወስዳ ፊውል ሴል ሠራችበት። ከ140 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ጠባዩ ይለወጥና ፕሮቶንን በፍጥነት ማሳለፍ ይጀምራል።

እንከኑን አሁን ተመልከቺ። ይህ ቁስ በውሃ ይሟሟል፤ ፊውል ሴል ደግሞ የሚያመርተው ውሃ ነው። በውስጡ ያለው ድኝም ውሎ አድሮ ከሃይድሮጅኑ ጋር ይጣላል። «አያዋጣም» ብሎ ለመተው ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? እነሱ ግን ድኙን ትተው ወደ ፎስፌቱ ዘመድ ዞሩ። እሱም ሌላ እንከን አወጣ፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን ውሃ እየለቀቀ ይበላሻል። መፍትሔው የተገኘው ራሱ ከሚፈራው ነገር ዘንድ ነው። በ250 ዲግሪ አካባቢ ውሃ እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ አይደለም፤ ስለዚህ ጨውን አያሟሟውም። ዙሪያውን እንፋሎት ከሞላሽለት ደግሞ የራሱን ውሃ አይለቅም። በ2004 ይህን ሠርተው አሳተሙ። ውሃ የፈራውን ጨው ውሃ ጠበቀው። ሴሉ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ እንዳይለወጥ መጠንቀቅ አሁንም ግድ ነው፤ እንከን ተገራ እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ያለው መልስ እንከኑን በቅርብ ላጠና ካልሆነ አይታይም። አንቺ ባለፈው ወር የተሰነጠቀውን ናሙናሽን ወዲያው መጣልሽን ነግረሽኛል። ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ሳታዪ ለምን ጣልሽው?

4. ሂሳብ ስትሠሪ ከየት እስከ የት እንደቆጠርሽ ተናገሪ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ቁንዶ በርበሬ የምታክል እንክብልን በሌዘር መትተው፣ ፀሐይ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ውህደት አስነሡ። 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት ገባ፤ 3.15 ሜጋጁል ወጣ። ለዚህ ቀን ስንት ሰው ስንት ዓመት እንደደከመ ስለማውቅ ዜናውን ስሰማ እንባዬ መጥቷል። ሆኖም ሌዘሮቹን ለማንቀሳቀስ ከመስመር የተወሰደው ኤሌክትሪክ ወደ 300 ሜጋጁል ነበር። ሁለቱም ሂሳቦች እውነት ናቸው፤ ሁለተኛውን ሳትጠሪ የመጀመሪያውን ብቻ ብታወሪ ግን ሰሚሽን ታሳስቻለሽ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላርምሽ፤ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት እያቀላቀልሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህ ጉልበቱን በምን ፍጥነት እንደሚወስድ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህ የበላው መጠን ነው፤ ቆጣሪው የሚያስከፍልሽም በዚህ ነው። እንግዳ ሰው ቢሳሳት ይታለፋል፤ አንቺ ግን የሙያው ሰው ነሽ።

5. ደግመሽ ሳትሞክሪ አደባባይ አትውጪ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1989 ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞች ጠርተው፣ የኒውክሌር ውህደትን በክፍል ሙቀት፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አገኘን አሉ። ዓለም ተንጫጫ። በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ለመድገም ተሯሯጡ፤ አልተደገመም። ሁለቱም ደህና ኬሚስቶች ነበሩ፤ የዕድሜ ልክ ስማቸው ግን በዚያች ቀን ታሰረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በምርምር ያፈሰሰች ግን መልሳ የምትለቅመው ጥቂት ነው። ሌላ ሰው፣ ባይሆን ከአጠገብሽ ያለው ተማሪ፣ በራሱ እጅ ደግሞ እስኪያገኘው ጠብቂ።

6. ትንሽ ቁጥር አትናቂ፤ በትልቅ ቁጥርም አትስከሪ። ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስነሣ እንደሚችል ያየው እ.ኤ.አ. በ1839 በአባቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1954 የቤል ላቦራቶሪዎቹ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን ከሲሊከን የሠሩትን ሲያሳዩ፣ ከፀሐዩ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በየጣሪያው ያለው ፓኔል የእሱ የልጅ ልጅ ነው። በ2009 ደግሞ ጃፓን ውስጥ አኪሂሮ ኮጂማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከመምህሩ ከፁቶሙ ሚያሳካ ጋር ፐርቭስካይት በሚባል ቁስ 3.8 በመቶ አገኘ። ያን ጊዜ ማንም ብዙ አላወራለትም፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ከ26 በመቶ አልፏል። አንቺም በዚሁ ቁስ እየሠራሽ የምትሮጪው ወደዚህ ቁጥር ነው። የኔ ጥያቄ ግን ስንት ዓመት ይቆማል የሚል ነው። የሲሊከን ፓኔል ለ25 ዓመት ዋስትና ተሰጥቶት ይሸጣል፤ ፐርቭስካይት ግን እርጥበትና ሙቀት አይችልም። የአፋርን ፀሐይና የጎሬን ዝናብ የማይችል ነገር ለእኛ ገና አልተሠራም።

7. የሥራ ዕድሜ አለቀ ብለሽ አትፍሪ፤ የሰውም ድርሻ አትርሺ። ጆን ጉድኢናፍ ኦክስፎርድ ሆኖ ለሊቲየም ባትሪ የኮባልት ኦክሳይዱን ዋልታ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በ2019 ዘጠና ሰባት ሞልቶት ነበር፤ ከተሸላሚዎች ሁሉ አረጋዊው እሱ ነው። እስከዚያም ድረስ ቴክሳስ ውስጥ ተማሪዎች ነበሩት። እኔ ስለ ባትሪ ሲወራ ግን ሌላ ስም አብሮ እንዲነሣ እወዳለሁ፤ የፌዙ ተወላጅ ሞሮኳዊው ራሺድ ያዛሚ። ሊቲየም በግራፋይት ገጾች መካከል እየገባና እየወጣ እንደሚሠራ ያሳየው እሱ ነው፤ ዛሬ በኪስሽ ባለው ስልክ ውስጥ አንዱ ጎን ግራፋይት ነው። የድሬፐርን ሽልማት በ2014 ከጉድኢናፍ ጋር ተካፍሏል፤ ኖቤሉ ላይ ግን ቦታው ለሦስት ሰው ነበርና ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ ወሰዱት። ስለዚህ ጽሑፍሽን ስታሳትሚ ናሙና ያጠበልሽን፣ ማታ ላቦራቶሪውን የከፈተልሽን ሰው ስም ጻፊ። ምስጋና የማያውቅ ተመራማሪ ሁለተኛ የሚያግዘው አያገኝም።

8. መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ አሲድ አትንኪ። የምትሠሪበት ፐርቭስካይት ውስጥ እርሳስ አለ፤ በነካሽበት እጅ ምሳ አትብዪ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

9. አያትሽ «ሲመሽስ?» ያሉትን አትናቂባቸው። ስለ ፀሐይ ፓኔል ስታስረጃቸው ይህን ብለው ሲጠይቁ ፈገግ ማለትሽን አይቻለሁ። የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ እኮ እሱ ነው! ማሪያ ቴልከስ የምትባል ሃንጋሪ የተወለደች ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዶቨር በሚባል ቦታ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት ሠርታ ነበር። ቀን የተገኘው ሙቀት በ32 ዲግሪ የሚቀልጥ ጨው ውስጥ ይገባል፤ ማታ ጨው ሲረጋ ሙቀቱን ለቤቱ ይመልሳል። ጥቂት የብርድ ወቅቶች በደህና ሠራ። ከዚያ ጨው ሲቀልጥና ሲረጋ እየተለያየ ከሥር ዘቀጠ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ። እሷ ግን ጨዎቿን አልተወቻቸውም፤ በ1970ዎቹም ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያንኑ ሙቀት የማቆየት ሥራ ትሠራ ነበር። በእኛ አገር ለአያትሽ ጥያቄ ያለን መልስ ግድብ ነው። በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦች በሚጎድሉበት ወቅት ነው፤ ነፋሱ በሚሠራበት ሰዓት ውሃውን ማቆየት ይቻላል። አሸጎዳ 120 ሜጋዋት የተተከለበት ነው፤ ይህን ሄደሽ እይ፣ ከወረቀት ይልቅ እዚያ ቆመሽ ትረጂዋለሽ። አያትሽን ደግሞ ዝቅ ብለሽ «ጥያቄዎት ልክ ነው» በያቸው።

10. ከተተከለ በኋላ ተመልሰሽ እይው። አንድ ጊዜ ከከተማ ርቆ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ተጠርቼ ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ፓኔል አለ፤ ከሥሩ የክትባት ማቀዝቀዣ አለ፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ማቀዝቀዣውን ስከፍተው የፋይል ካርዶች ተደርድረውበታል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ ስለዚህ የኬላው ነርስ በየሳምንቱ በበረዶ ሳጥን ከወረዳ በእግሯ ታመጣ ነበር። ባትሪዎቹን ከፈትኳቸው፤ ውሃቸው ደርቆ ሳህኖቹ ታይተዋል፤ ዲስቲልድ ውሃ መጨመር እንዳለበት ማንም አልነገራትም። ከዚያም በላይ መብራት በሌለበት አገር ሰው ሁሉ ስልኩን የሚሞላው ከዚያው ባትሪ ነው። ማን እምቢ ይላል? ሐኪማቸው ናት፣ ጎረቤታቸው ናት። ፓኔሉን አቧራ አልብሶት ስለነበር በጨርቅ ጠርጌ ብለካው ሙሉ ጤነኛ ነበር። የሳይንቲስቱ ሥራ አልተበላሸም፤ ከሳይንቲስቱ ሥራ እስከ ነርሷ እጅ ያለው መንገድ ነው የተበላሸው። እንዲህ ያለውን ስንት ቦታ ካዩ በኋላ ነው ሰዎች ባትሪ የሌለው የፀሐይ ማቀዝቀዣ የሠሩት፤ ቀን በፀሐዩ በረዶ ያረጋል፣ ሌሊት በረዶው ክትባቱን ያቀዘቅዛል፣ ስልክ የሚሞላበት ባትሪም የለውም። ይህን ያሰበ ሰው እንደዚያ ያለ ቤት ገብቶ ያየ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነርሷ አሁንም እዚያው ናት። በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አለ፤ ፊት ወንበር አስይዤልሻለሁ። መልቲሜትሩን እኔ እይዛለሁ። አንቺ ደህና ጫማ አድርጊ፣ ሻርፕ ያዢ፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አዲስ ደብተርም ግዢ፣ ባለ መስመሩን።